ባለሁለት ክንፉ የልብ ቫልቭ፦ ደህና ሳለሁ ለምን አልገላገልም?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክሩ በጣም ረዘመ፣ አዲስ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለሚሰለቸው ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጽሑፌን እንዳለ ትቼ፣ መልሶቹን በተራቸው በራሴ አባባል ከሥር አስቀምጫለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም። አንዳንዱ የራሱን ገመና ነው የጻፈው። የተሰዳደበም አለ፣ እሱም ይቅር።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ይህ ነበር፦

41 ዓመቴ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ለሳል ሄጄ ሐኪሟ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጋ ቆየች። ቦታ ቀየረች፣ ደግማ ቆየች። ሳሉን ረሳችው። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ታዘዘልኝና ነገሩ ታወቀ። ደም ከልብ ወደ ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ፣ ወደ አኦርታ፣ የሚወጣበት ቫልቭ የአብዛኛው ሰው ሦስት ክንፍ አለው። የእኔ ሁለት ነው። አብሮኝ የተወለደ ነው። ሁለቱ የሦስቱን ሥራ ስለሚሠሩ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ካልሲየም ይጋገርባቸዋል፣ መክፈቻው ይጠባል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ በደንብ አይገጥምምና ደም ወደ ኋላ ያፈሳል።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው በግራ ጎኔ እተኛለሁ፣ ቀዝቃዛው ጄል ይቀባል፣ ባለሙያው ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። እኔ ፊቱን አያለሁ። ከፊቱ ምንም አይገኝም። የመጨረሻውን ኢኮ የተነሳሁት ከ14 ወር በፊት ነው። የደሙ ፍጥነት በሰከንድ 3.7 ሜትር፣ የቫልቩ መክፈቻ 1.2 ካሬ ሳንቲሜትር፣ አኦርታው 4.4 ሳንቲሜትር። መካከለኛ ነው፣ እንከታተላለን ተባልኩ። የጨረሰኝ ይሄ መከታተል የሚባል ነገር ነው። ምንም አይሰማኝም፣ እሠራለሁ፣ እወጣለሁ እገባለሁ። ደረቴ መከፈቱ ካልቀረ አሁን ጉልበት ሳለኝ ለምን አልገላገልም? ልቤ እስክትደክም ምን እጠብቃለሁ?

እንግዲህ መልሶቹ።

መልስ 1 ጨዋ ሰው ነበር። አይዞህ ብሎ ጀመረ። ከ100 ሰው 1 ወይም 2 ይህ ቫልቭ እንዳለው፣ ከውልደት ጀምሮ ከሚመጡ የልብ ችግሮች በብዛት አንደኛው እንደሆነ፣ ወንዶች ላይ እንደሚበዛ ነገረኝ። ዕድሜ ልኩን ሳያውቀው የሚኖር ሰውም አለ።

መልስ 2 ወደ ጥያቄዬ በቀጥታ ገባ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ መድኃኒት አይደለም፣ አንዱን በሽታ በሌላ መለወጥ ነው ባይ ነው። ብረቱን ካስገባህ ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ፤ ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የተሠራውን ካስገባህ ያረጅና ሌላ ቀን ደግመህ ትገባለህ። በራስህ ቫልቭ የኖርከው እያንዳንዱ ዓመት ከአዲሱ ቫልቭ ዕድሜ ላይ ያልተቆረጠ ዓመት ነው። ቁጥሮቹንም አስቀመጠ። ጤነኛ ቫልቭ ሲከፈት 3 እስከ 4 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ 4 ሜትርና በላይ፣ ወይም አማካይ የግፊት ልዩነቱ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪና በላይ ሲሆን ጥበቱ ከባድ ይባላል። መክፈቻውም በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 1 ካሬ ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። ከባድ ሆኖ ምልክት ሲመጣ፣ ወይም ልብ በአንድ ምት የምትገፋው ደም ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ፣ ያኔ ሰዓቱ ደርሷል።

መልስ 3 የእኔ ነው። አሳፈረኝ። ሳይጠብቁ ስለ መጠበቅ ማውራት ቀላል እንደሆነ ጻፍኩ።

በመልስ 4 የመልስ 2 ሰው ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ደረቱ እንደተከፈተ፣ በ26 እና በ39 ዓመቱ፣ አሁን ሦስተኛውን እየጠበቀ እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፈና ወጣ። በመልስ 5 ይቅርታ ጠየቅኩ። ላብ አሰጠመኝ።

መልስ 6 የአኦርታዬን ቁጥር ያየ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሁሉም ቫልቭ ቫልቭ ሲል እሱ ቧንቧውን ያዘ። ባለሁለት ክንፍ ቫልቭ ያለው ሰው ከቫልቩ በላይ ያለው አኦርታ ሊሰፋ ይችላል። ቫልቩ በደንብ እየሠራም እንኳ ይሰፋል። አደጋው የቧንቧው ግድግዳ መሰንጠቁ ነው። በራሱ ብቻ ከሆነ 5.5 ሳንቲሜትር ሲደርስ ይቀየራል። በቤተሰብ የተሰነጠቀበት ካለ ወይም ቶሎ ቶሎ ከሰፋ ደግሞ 5 ላይ። ግን ለቫልቩ ደረት ከተከፈተ 4.5 ላይም አብሮ መቀየር ይታሰባል። እኔ 4.4 ነኝ። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም። ወይም አስረድተውኝ አልሰማሁም፤ ሐኪም ቤት ስገባ ጆሮዬ ይደፈናል።

መልስ 7 ለዚህ ክር ትልቁን ነገር ያደረገች ሴት ናት። በሦስት ወር ውስጥ አኦርታዋ ከ4.3 ወደ 4.7 ዘለለ ተብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ኑዛዜ ሁሉ ጽፋለች። በኋላ ሲታይ የመጀመሪያው በኢኮ የተለካ፣ ሁለተኛው በሲቲ ስካን ነው። ሲቲውን ያነበበው ሰው ደግሞ ቧንቧውን በሰያፍ ነው የለካው። ቧንቧን በሰያፍ ብትቆርጡት ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ ሞላላውን በረጅም ጎኑ ከለካችሁት ደግሞ ሰፋ ይላል። ቀጥ ተደርጎ ሲለካ 4.4 ወጣ። ምክሯ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ከተቻለ በአንድ ቦታ ተለኩ፣ አሮጌውን ምስል በሲዲ ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ ነው። ወረቀቱን ሳይሆን ምስሉን። ይህን ያነበብኩ ቀን ቤት ያሉትን ሲዲዎች ፈልጌ ሰበሰብኩ። አንዱ የልጆች ፊልም መያዣ ውስጥ ተገኘ።

መልስ 8 እና 9 አመሰገኗትና ስለ ሲቲ ጨረር ተከራከሩ። ወጣት ከሆናችሁና ክትትሉ ዕድሜ ልክ ከሆነ ኤምአርአይ ጨረር የለውም በሚል ተስማሙ። እለፉት።

መልስ 10 መናደድ የተጀመረበት ነው። ጸሐፊዋ ወንድምና እህት እንዳለኝ ጠይቃ ኢኮ ተነስተው እንደሆነ ጠየቀች። አልነገርኳቸውም አልኩ። እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ነው። በመልስ 11 ልክ ልኬን ነገረችኝ። ይህ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል። ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ ከሆነ ሰው ከአሥሩ አንዱ ገደማ ይገኝበታል። አንድ ኢኮ ይበቃል። ወንድሟ በ44 ዓመቱ አኦርታው ተሰንጥቆ ነው የሞተው፣ እሷ ራሷን ያወቀችው ከለቅሶው በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ዝም ማለቴን ምን ብላ እንደጠራችው እዚህ አልጽፍም። ትክክል ናት። በዚያው ማታ ለወንድሜም ለእህቴም ደወልኩ።

መልስ 12 የእኔን ጉዳይ የገለበጠ ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ 68 ዓመታቸው የሆኑ ሰው ጻፉልኝ። ምን ይሰማሃል ብለው አልጠየቁኝም። ባለፈው ዓመት ምን ማድረግ አቆምክ ብለው ነው የጠየቁኝ። የዚህ በሽታ ሰው ራሱን ያታልላል ባይ ናቸው። ትንፋሹ ሲያጥረው ደረጃውን ይተውና ሊፍት ይይዛል፣ ከዚያ ምንም አይሰማኝም ይላል። እሳቸው ራሳቸው ሁለት ዓመት ጉልበቴ ነው እያሉ ኖረዋል። ማየት ካልቻልክ አብሮህ የሚኖረውን ሰው ጠይቅ አሉኝ።

ባለቤቴን ጠየቅኳት። ቀና እንኳ ሳትል መለሰችልኝ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ቆሜ ስልኬን አወጣለሁ። መልእክት የማይ መስዬ። እኔ እውነትም መልእክት የማይ ይመስለኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ብላት፣ ከበዓሉ በፊት አለችኝ።

መልስ 13 ይህንኑ የጻፍኩበት ነው። መልስ 14፣ 15 እና 16 አንድ ቃል ብቻ ናቸው፦ ሂድ። በማግስቱ ቀጠሮ አስያዝኩ።

እኔ ቀጠሮዬን ስጠብቅ ክሩ ወደ ሌላ ሄደ። መልስ 17 አንድ ዱቄት ካልሲየሙን አሟሙቶ ቫልቭ ያጸዳል ብሎ ሊንክ ለጠፈ። ወረዱበት። መልስ 18 ረጋ ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። ኮሌስትሮል የሚቀንሱት ስታቲኖች እንኳ በትልልቅ ጥናት ተሞክረው የቫልቩን መጥበብ አላዘገዩትም። እስካሁን የጠበበን ቫልቭ የሚከፍት ኪኒን የለም። መልስ 19 ግን ረጋ አላለም። አድሚኑ ሊንኩንም ስድቡንም አጠፋ።

መልስ 20 ጥርሱን ሊያስነቅል ነው፣ አንቲባዮቲክ ቀድሜ ልውሰድ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰው አዎ አለው። መልስ 21 አረመቻቸው። የራሱ ባለሁለት ክንፍ ቫልቭ ብቻ ላለው ሰው የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ይህን አስቀርቶታል። በዋናነት የሚታዘዘው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ለገባለት ወይም ከዚህ በፊት የቫልቭ ኢንፌክሽን ለያዘው ነው። ጥርስን በየቀኑ መቦረሽና ድድ እንዳይደማ መጠበቅ ግን ለሁላችንም ነው፣ ተህዋሲው ከአፍ ተነስቶ ቫልቩ ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቆይ ትኩሳት ካለ ደግሞ ደም ሳትመረመሩ አንቲባዮቲክ አትዋጡ አለች። ሌላም ጨመረች። አኦርታው የሰፋ ሰው ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክና ዘመዶቹ ሲታዘዙለት ለሐኪሙ ይናገር። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አኦርታን ሊሰነጥቁ ይችላሉ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አስጠንቅቋል።

ከመልስ 22 እስከ 31 የቫልቭ ምርጫ ጦርነት ነው። ሙሉውን ብጽፍ ሌሊቱ አይበቃኝም።

መልስ 22 ከ50 ዓመት በታች ከሆንክ ብረት ነው፣ አለቀ ባይ ነው። እሱ የብረት ቫልቭ ከገባለት 11 ዓመት ሆኖታል። ጣቱን ወግቶ ቤቱ አይኤንአር፣ ማለትም ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ይለካል፣ ከ2 እስከ 3 መካከል ያቆየዋል፣ አረንጓዴ ቅጠልም አይተውም፤ ከሳምንት ሳምንት መጠኑን እኩል ያደርጋል እንጂ። ድምፁስ? ይሰማል። ጸጥ ባለ ክፍል ቲክ ቲክ ይላል፣ አፉን ሲከፍት ድምፁ ይጨምራል። ከልጆቹ ጋር ድብብቆሽ መጫወት ትቷል። ቁም ሳጥን ውስጥ ቢገባም በድምፁ ያገኙታል።

መልስ 23 የ29 ዓመት ሴት ናት፣ አለቀ የሚለው ቃል አበሳጫት። ልጅ መውለድ ትፈልጋለች። ዋርፋሪን፣ ያ ለብረቱ የሚወሰደው ደም ማቅጠኛ፣ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ቢቆም ደግሞ ብረቱ ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ የሕብረ ሕዋሱን መርጣለች፣ በወጣት ሰው ላይ ቶሎ እንደሚያረጅ እያወቀች። አብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል ቢባልም እሷ 8 ብላ ነው ያሰበችው። ለራሷ ያሰላችውን ሰው አለቀ ሊላት እንደማይችል ነገረችው። ደግ አደረገች።

መልስ 24 አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ምርመራ ስለማይፈልጉ በዋርፋሪን ፈንታ እነሱን መውሰድ ይቻላል አለ። ይህን ያነበበ ሰው እባክዎ መልስ 25ንም ያንብብ። ለብረት ቫልቭ አይቻልም። ዳቢጋትራን የሚባለው ተሞክሮ መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ጥናቱ ቆመ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል።

መልስ 26 ስለ ሮስ ቀዶ ጥገና ጻፈ። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ለንደን ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው ነው። ወደ ሳንባ የሚወስደውን የራስህን ቫልቭ ነቅለው አኦርታው ላይ ይተክሉታል፣ በሳንባው ቦታ ከሞተ ሰው የተለገሰ ቫልቭ ይገባል። ደም ማቅጠኛ የለም፣ የተተከለው ሕያው ነው። ችግሩ የአንድ ቫልቭ በሽተኛ የነበርከው የሁለት ትሆናለህ፣ ቀዶ ጥገናውን በብዛት የሠራ እጅም ይፈልጋል። መልስ 27 አርኖልድ ሽዋርዘኔገርን አነሳ። እሱም ከእኛው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተሠራ፣ በ2018 የሳንባውን፣ በ2020 የአኦርታውን ቫልቭ ቀየረ። መልስ 28 ይሄ ሮስ እንደማይሠራ ማስረጃ ነው አለ። መልስ 29 ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ መቆየቱ እንደሚሠራ ማስረጃ ነው አለ። በአንድ ሰው ልብ ሁለት ሰው ተጣላ።

መልስ 30 ለምን በእግር በኩል በቱቦ አይገባም ብሎ ጠየቀ። ይህን ዘዴ ፈረንሳዊው አላን ክሪቢዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ አደረገው፣ ዛሬ ለአረጋውያን የተለመደ ነው። ጋሼ በመልስ 31 መለሱለት። የእኛ ቫልቭ መክፈቻ ሞላላ ነው፣ ካልሲየሙም ወጣ ገባ፣ አዲሱ ቫልቭ ዙሪያውን ላይገጥም ይችላል። የሰፋ አኦርታንም በዚያ መንገድ መቀየር አይቻልም። ዘዴውን ያቋቋሙት ዋና ዋና ጥናቶችም ባለሁለት ክንፎችን አላካተቱም። ለሁለተኛ ዙር ግን ጥሩ ነው፣ ያረጀው የሕብረ ሕዋስ ቫልቭ ውስጥ አዲሱን መክተት ይቻላልና። ጋሼ እግረ መንገዳቸውን ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ባለሁለት ክንፍ ቫልቭ እንደሳለ ነገሩንና ሦስት ሰው ስለ ሥዕል ማውራት ጀመረ። አድሚኑ መለሰን።

መልስ 32 የእኔ ነው። ኢኮው 4.2 ሜትር አሳየ፣ መክፈቻው 0.9። አኦርታው 4.5። ምልክት አለህ የለህም በሚለው ስላልተማመንን ሐኪሙ አጠገቤ ቆሞ ትሬድሚል ላይ አወጣኝ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ደም ግፊቴ መውጣት ሲገባው ወረደ። ማሽኑን አቆሙት። ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ ያኔ ገባኝ።

መልስ 33 የጻፈው ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ስምንት ወር የሆነው ሰው ነው፣ የጠየቅኩትን ሁሉ ሳይሰለች ነገረኝ። ልብ በቀዝቃዛ ፖታሲየም ባለው ፈሳሽ ትቆማለች፣ ደሙ በማሽን ይዞራል። የደረት አጥንት በብረት ሽቦ ይታሰራል፣ ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፣ እስከዚያ ከባድ ነገር ማንሳት፣ መኪና መንዳት የለም። ስታስል ትራስ አቅፈህ ነው። እሱን ያስመረረው ቁስሉ አልነበረም። የደረት ቱቦዎቹ ሲወጡ ነው፣ ትንፋሽህን ያዝ ይሉሃል፣ ከዚያ ከውስጥህ እባብ የሚጎተት ይመስልሃል። በሦስተኛው ቀን ልቡ ተዘበራርቃ መታች፣ ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚመጣ ነው፣ በመድኃኒት ተስተካከለ። ሌላው ለቅሶ ነው። ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ የሳሙና ማስታወቂያ አይቶ ሁሉ አልቅሷል። ከሌላ በሽታ ነፃ ለሆነና ብዙ በሚሠራበት ቦታ ለሚሠራ ሰው የሞት አደጋው ከ100 1 ወይም 2 እንደሆነም ሐኪሙ የነገረውን ነገረኝ።

መልስ 34 ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ግዛ አለችኝ፣ እጅህን ወደ ላይ አንስተህ ቲሸርት አትለብስም። ከመልስ 35 እስከ 38 ስለ ሸሚዝ ነው። አልቀለድኩም።

መልስ 39 አዲስ አባል ናት። 36 ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ጎትጉቷት ኢኮ ተነሳች፣ ሁለት ክንፍ። ቫልቩ በደንብ ይሠራል፣ አኦርታው 3.6። ጥያቄዋ አንድ ነው፣ የሁለት ዓመት ልጇን፣ 12 ኪሎ የሆነውን፣ መሸከም ትችላለች ወይ? እህቴ ናት። አልነገረችኝም፣ በአጻጻፏ ነው ያወቅኳት። ሥርዓተ ነጥብ አትጠቀምም።

መልስ 40 የመልስ 10 ሴትዮ ናት፣ ያቺ የቆጣችኝ። ተሸከሚው አለቻት። የሚከለከለው አኦርታው የሰፋ ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ ፊቱ እስኪቀላ የሚታገልበት ክብደት ነው። ደም ግፊትሽን ተለኪ፣ ክትትሉን አትተይ፣ ልጁንም ኢኮ አስነሺው።

የእኔ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አኦርታውም አብሮ ይቀየራል። ቫልቩን ገና አልመረጥኩም፣ ማክሰኞ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር እንነጋገራለን። ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፣ ባለቤቴም አብራኝ ትገባለች፣ የእኔ ጆሮ ስለማይታመን። ሸሚዙን ገዝቻለሁ።